ሱቅ ላይ የሚያውቀው፣ ሰሌዳ ፊት የሚጠፋበት ልጅ

ለዛሬ ሌላ ርዕስ ነበር ያዘጋጀሁት። ነገር ግን በር ተንኳኳና ርዕሱ ተቀየረ።

ራሽን በታደለ ዕለት ማታ አንዲት የካምፓችን እናት የልጇን የውጤት ካርድ በፌስታል ጠቅልላ ቤቴ መጣች። ሻይ ይፈላ ብንላት እምቢ አለች። ካርዱን አውጥታ ሰጠችኝና፣ ‹‹መምህር፣ ይኸው ያንብቡት። እኔ ፊደሉን ባላውቀውም ቀዩን አየዋለሁ›› አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ካርዱ ቀይ በቀይ ነበር። ሒሳብ 23 ከመቶ፣ እንግሊዝኛ 31። ልጁ 13 ዓመቱ ነው፣ የሚማረው ግን አራተኛ ክፍል ነው። ዓመታቱ የት እንደሄዱ ለናንተ ማስረዳት አያሻኝም። ግማሹ መንገድ ላይ፣ ግማሹ ወረቀት በመጠበቅ አልቋል።

‹‹ጭንቅላቱ አይቀበልም ማለት ነው›› አለች እናቱ። ‹‹ከትምህርቱ አስወጥቼ አጎቱ ሱቅ ላስገባው ነው። እዚያ እንኳ ጎበዝ ነው ይሉኛል።››

ልጁ በሩ ጋ ቆሞ ይሰማል። ጫማውን እያየ ነበር።

‹‹እህቴ፣ አንድ ሳምንት ስጪኝ›› አልኳት። ሌላ የምላት አልነበረኝም። ከሄደች በኋላ ግን ያቺ የመጨረሻዋ ቃል አላስተኛኝ አለች፤ ‹‹እዚያ እንኳ ጎበዝ ነው››። ሱቅ የሚገባውና ክፍል የሚገባው ጭንቅላት ያው አንድ አይደለም እንዴ?

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። ልጁ ባንኮኒው ጀርባ ቆሟል። ሦስት ሳሙና፣ ሩብ ኪሎ ስኳር፣ ሁለት ክብሪት አልኩት። ሳሙናው አንዱ 45 ሽልንግ፣ ስኳሩ 40፣ ክብሪቱ አንዱ 10 ነው። ልጁ ካልኩሌተርም እርሳስም አላነሳም። ስኳሩን በወረቀት እየጠቀለለ፣ ‹‹ሦስት አርባ መቶ ሃያ፣ ሦስት አምስት አሥራ አምስት፣ መቶ ሠላሳ አምስት። ስኳር ሲጨመር መቶ ሰባ አምስት። ክብሪት ሃያ። መቶ ዘጠና አምስት፣ ቲቸር›› አለኝ። 500 ሰጠሁት። ‹‹አምስት ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ደግሞ አምስት መቶ›› ብሎ 305 ሽልንግ መለሰልኝ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ከኋላዬ ለቆመች ሴትዮ ባትሪ ድንጋይ እያቀበላት ነበር።

እንግዲህ 23 ከመቶ ያገኘው ልጅ ይህ ነው። ይህ ነገር እንዴት ሊሆን ቻለ? ከእኛ በፊት ስለ ልጆች አስተዳደግና አማማር ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑ ሰዎች አሉና፣ እስቲ የእነሱን ደጃፍ እናንኳኳ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ አንድ ነገር ልናዘዝ። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለሁ ሥነ ልቦና የተማርነው በእንግሊዝኛ ከተባዛ ሞጁል ነበር። የፒያዤን አራት የዕድገት ደረጃዎች እንደ ዳዊት በቃሌ እወጣቸው ነበር። ፈተናውን ‹ኤ› አገኘሁ። በዚያው ዓመት ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተላክሁና፣ ሰባት ሲባዛ በስምንት ስንት ነው ብዬው ዝም ያለኝን ልጅ መዳፉን በልምጭ መታሁት። ፈተና ላይ የጻፍኩትና እጄ ያደረገው ነገር አንድ ቀን እንኳ አልተገናኙም። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈውን ከላይ ሆኜ እንደምመክር አትዩብኝ።

ከዚያች ልምጭ ልጀምር። ኢቫን ፓቭሎቭ ሩሲያዊ ሊቅ ነበር። በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር ነው እንጂ ስለ ትምህርት ብሎ አይደለም። ምርምሩን ሲያደርግ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ውሾቹ ምግቡን ሳይቀምሱ፣ የሚመግባቸውን ሰው ኮቴ ሲሰሙ ብቻ ምራቃቸው ይንጠባጠባል። ከምግብ ጋር ሁልጊዜ አብሮ የሚመጣ ድምፅ በራሱ እንደ ምግብ ሆነባቸው ማለት ነው። በ1920 ደግሞ ጆን ዋትሰን የተባለ አሜሪካዊ ከረዳቱ ከሮዛሊ ሬይነር ጋር ይህንኑ ነገር በሰው ልጅ ላይ ሞከረው። 11 ወር ገደማ የሆነው አንድ ሕፃን ነጭ አይጥ ሲያሳዩት አይፈራም፤ እንዲያውም ሊነካት እጁን ይዘረጋል። እጁን በዘረጋ ቁጥር ከጀርባው የብረት ዘንግ በመዶሻ እየመቱ አስደነገጡት። ይህ ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ሕፃኑ ድምፁ ሳይኖር አይጧን ብቻ ሲያይ ማልቀስ ጀመረ። በዚህ አላበቃም፤ ጥንቸልም፣ ውሻም፣ የጸጉር ካፖርትም ያስፈራው ጀመር። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ በሕፃን ላይ ማድረግ አይፈቀድም፣ ደግሞም አይገባም።

እኔ ግን ይህን ታሪክ ሳስብ የሚመጣብኝ አይጧ አይደለችም፣ ሰሌዳው ነው። ሰሌዳ ፊት በወጣ ቁጥር የተመታ፣ የተሳቀበት ወይም ‹‹አህያ›› የተባለ ልጅ ምን ይማራል? ማባዛትን አይማርም። ሰሌዳን መፍራት ይማራል። ቀጥሎ ደብተሩን፣ ቀጥሎ መምህሩን፣ በመጨረሻም ጠዋት ከቤት መውጣትን ይፈራል። ‹‹ሆዴን አመመኝ›› እያለ ጠዋት ጠዋት የሚተኛባችሁ ልጅ ካለ ሁልጊዜ ውሸቱን ነው አትበሉት፤ ሆዱን የእውነት ሊያመው ይችላል። ስኪነር የተባለው ሌላው አሜሪካዊ ለባሕርይ ትምህርት ትልቅ ስም ያለው ሰው ነው። እሱም ቅጣት አንድን ነገር ለጊዜው ይገታል እንጂ ቦታውን የሚተካ አዲስ ነገር አያስተምርም ይል ነበር። እሱ ያመነው ልጁ ትክክል ያደረጋትን ትንሿን ነገር ወዲያው አይቶ ማበረታታት ላይ ነው። እዚህ ኬንያ ደግሞ ከሥነ ልቦናው ባለፈ ሕጉም አለ፤ የ2013ቱ የመሠረታዊ ትምህርት ሕግ ተማሪን መምታት ይከለክላል። ወላጆች፣ ‹‹ግረፉልን፣ አጥንቱ የእኛ፣ ሥጋው የእናንተ›› የምትሉትን ነገር ብትተዉልን ደስ ይለናል። የእኛንም እጅ እያሳሳተ ነው።

ፍርሃቱን እዚህ ላይ እናቁምና ወደ አእምሮው እንሂድ።

ዣን ፒያዤ በ1896 በስዊዘርላንድ ተወለደ። በወጣትነቱ ፓሪስ ውስጥ የልጆችን የማሰብ ችሎታ የሚለኩ ጥያቄዎችን የማዘጋጀት ሥራ ተሰጠው። ሥራው ትክክለኛ መልሶችን መቁጠር ነበር። እሱን የሳበው ግን የተሳሳቱት መልሶች ናቸው። በተቀራራቢ ዕድሜ ያሉ ልጆች የሚሳሳቱት በተመሳሳይ መንገድ መሆኑን አየ። ይህ እኔ ከማውቃቸው የሥነ ልቦና ግኝቶች ሁሉ ለአስተማሪ የሚበልጥ ነው ብዬ አምናለሁ። የልጅ ስሕተት ባዶነት አይደለም፣ ከበስተጀርባው አንድ አስተሳሰብ አለ።

ከፈለጋችሁ ቤት ውስጥ ሞክሩት። ሁለት እኩል ብርጭቆ ውሃ አራት ወይም አምስት ዓመት ለሆነው ልጃችሁ አሳዩትና እኩል መሆናቸውን ጠይቁት። ‹‹አዎ›› ሲል አንደኛውን ወደ ቀጭንና ረጅም ጠርሙስ ገልብጡት፣ እንደገናም ጠይቁት። (ውሃውን አትድፉት፤ ወረፋውን ሁላችንም እናውቀዋለን።) አብዛኛው ልጅ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ይበልጣል ይላችኋል። አትሳቁበት፣ አትቆጡትም። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆን ራሱ፣ ‹‹ያው ነው፣ ምን ጨመራችሁበት?›› ይላችኋል። ፒያዤ እንዲህ ያሉ ነገሮችን በራሱ ሦስት ልጆች ላይ ሳይቀር እየተከታተለ፣ የልጅ አስተሳሰብ በደረጃ የሚያድግ መሆኑን ጻፈ። እስከ ሁለት ዓመት ድረስ በመንካትና በመቅመስ፣ እስከ ሰባት ገደማ በምልክትና በምናብ፣ ከዚያ እስከ 11 ገደማ በእጅ በሚጨበጥ ነገር ላይ በማመዛዘን፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በሌለ ነገር ላይ ጭምር በማሰብ።

ፈተና ላይ የጻፍኩት ይህንን ነው። ሞጁሉ ያልነገረኝ ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። በ1974 ማክጋሪግልና ማርጋሬት ዶናልድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ስኮትላንድ ውስጥ ተመሳሳይ ጥያቄ በሁለት መልክ ለልጆች አቀረቡ። ሁለት እኩል መስመር ተደርድሯል። በመጀመሪያው መልክ አንዱን መስመር የሚያበላሸው አዋቂው ራሱ ነው፤ በዚህ ጊዜ ብዙዎቹ ልጆች ተሳሳቱ። በሁለተኛው መልክ መስመሩን የሚያበላሸው ከሳጥን ድንገት የሚወጣ ‹‹አስቸጋሪ›› የድብ አሻንጉሊት ነው። በዚህ ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በትክክል መለሱ። ልጆቹ ያው ናቸው፣ ዕድሜያቸውም ያው ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ? አዋቂው ሆን ብሎ ነክቶ ዳግመኛ ሲጠይቃቸው፣ ‹‹መልሴን እንድቀይር ፈልጎ ይሆናል›› ብለው ያስባሉ። ልጅ ጥያቄውን ብቻ ሳይሆን ጠያቂውንም ያነባል ማለት ነው። ሜክሲኮ ውስጥ በ1969 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የሸክላ ሠሪ ልጆች ጭቃው ቅርፁ ቢለወጥም መጠኑ እንደማይለወጥ ከሌሎች እኩዮቻቸው ቀድመው እንደሚረዱ አሳይቷል። ለምን አይረዱ? ጭቃው ከእጃቸው አይለይም።

ከሸክላ ሠሪው ልጅ ወደ ባለ ሱቁ ልጅ መሻገር ሩቅ አይደለም። እንዲያውም የኛን ልጅ የመሰሉ ልጆች በሌላ አገር ተጠንተዋል። በ1985 ቴሬዚኛ ካራኸር፣ ዴቪድ ካራኸርና አናሉሲያ ሽሊማን የተባሉ ተመራማሪዎች በብራዚል፣ በሬሲፌ ከተማ፣ መንገድ ላይ የሚሸጡ አምስት ልጆችን ያጠኑበትን ጽሑፍ አሳተሙ። ልጆቹ ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆኑ፣ የደሃ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ተመራማሪዎቹ እንደ ገዢ ሆነው ሄዱ፤ ዋጋ ጠየቁ፣ መልስ ተቀበሉ። በገበያው ላይ ልጆቹ ከተጠየቁት ውስጥ 98 ከመቶውን በትክክል ሠሩ። ቀጥሎ ያንኑ ዓይነት ሒሳብ እርሳስና ወረቀት ሰጥተው እንደ ትምህርት ቤት ጠየቋቸው። በቃላት የተጻፈ ጥያቄ ሲሆን 74 ከመቶ፣ ቁጥሩ ብቻ ተጽፎ ሲቀርብ ደግሞ 37 ከመቶ ሆነ። አንድ ልጅ አንዱን በ35 ክሩዜይሮ የሚሸጠውን ኮኮናት አሥር ፍሬ ሲጠየቅ፣ ትምህርት ቤት እንደሚባለው ዜሮ አልጨመረበትም። ሦስቱ 105 ነው ብሎ በሦስት በሦስት እየሄደ የቀረችውን አንዷን ደምሮ 350 ላይ ደረሰ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ግን ልጁ እያንዳንዷን እርምጃ ያውቃታል።

ይህን ጥናት በሰማሁ ጊዜ ዕድሜዬን ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርኩባቸው ልጆች ትዝ አሉኝ።

ወደ ልጃችን ልመለስ። በሦስተኛው ቀን የፈተና ወረቀቱን ይዞ እንዲመጣ አደረግሁ። ወረቀቱ ላይ 45 ሲባዛ በ3 የሚል አለ። ልጁ 1215 ብሎ ጽፏል። መምህሩ በቀይ ሰርዞታል። ሦስት ጊዜ አምስት 15፣ ጻፈው። ሦስት ጊዜ አራት 12፣ ከፊቱ ጻፈው። 1215። ፒያዤ ቢያየው ደስ የሚለው ስሕተት ነው፤ ሥርዓት አለው።

‹‹ሦስት ሳሙና ስንት ነው?›› አልኩት።

‹‹መቶ ሠላሳ አምስት፣ ቲቸር።››

‹‹ይህስ?›› ብዬ ጣቴን ወረቀቱ ላይ አደረግሁ።

ዝም አለ። ቆይቶም፣ ‹‹እሱ ሒሳብ ነው›› አለኝ።

ይህችን መልስ እስክሞት አልረሳትም። ሱቅ ላይ የሚሠራው ሒሳብ መሆኑን የነገረው ሰው የለም። ‹‹ሰው ሦስት ሳሙና ወስዶ 1215 ሽልንግ አምጣ ብትለው ምን ይልሃል?›› አልኩት። ‹‹ሱቁን ያፈርሰዋል!›› ብሎ ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ሌቭ ቪጎትስኪን ማንሳት አለብኝ። እሱም እንደ ፒያዤ በ1896 የተወለደ ነው፤ በዛሬዋ ቤላሩስ። ግን ዕድሜ አልሰጠውም፤ በ1934 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ገና 37 ዓመቱ ነበር። ጽሑፎቹ በአገሩ ለብዙ ዓመታት ገለል ተደርገው ቆዩ፤ ‹‹ሐሳብና ቋንቋ›› የተባለው መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የወጣው በ1962 ነው። የእሱ ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሁለት ልጆች ብቻቸውን ሲፈተኑ ሁለቱም እንደ ስምንት ዓመት ልጅ ሠሩ እንበል። እኩል ናቸው ብለን ካርድ እንሞላለን። አሁን ግን ትንሽ እንርዳቸው፤ የመጀመሪያውን እርምጃ እናሳያቸው ወይም አንድ ጥያቄ እንጣልላቸው። በዚህ እርዳታ አንደኛው እስከ 12 ዓመት ልጅ ጥያቄ ድረስ ሄደ፣ ሌላው እስከ 9 ብቻ። ታዲያ እኩል ናቸው? ብቻውን የሚሠራው የትናንቱን ይነግረናል፤ ከሰው ጋር የሚሠራው የነገውን። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችው ቦታ ናት የማስተማሪያዋ ቦታ። ከዚያ በታች ካስተማርነው ይሰለቻል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ይጠፋበታል።

የውጤት ካርዱ 23 የሚለው ልጁ ብቻውን፣ በፍርሃት፣ በሦስተኛ ቋንቋው የሠራውን ነው። ቤት አማርኛ፣ ሜዳ ላይ ስዋሂሊ፣ ፈተና ላይ እንግሊዝኛ! ከተሳሳታቸው የቃላት ጥያቄዎች አራቱ ላይ ‹ኢች› የምትል ቃል ነበረች። ‹‹እያንዳንዱ ማለት ናት›› ብዬ ስነግረው ሦስቱን ወዲያው ሠራቸው። ሦስት ጥያቄ በአንዲት ቃል ጠፍቶ ነበር ማለት ነው።

ማባዛቱን ደግሞ እንዲህ አደረግነው። መጀመሪያ ሱቅ ላይ ያለውን እሱ እየነገረኝ እኔ ጻፍኩ። ሦስት አርባ፣ 120። ሦስት አምስት፣ 15። ድምር 135። ‹‹ይኸው፣ ሒሳብ ይሉሃል ይህንን ነው፤ ያወጣኸው አንተ ነህ›› አልኩት። ቀጥሎ ወደ ትምህርት ቤቱ አጻጻፍ ሄድን። ‹‹15 ሽልንግ እጅህ ላይ አለ። አምስቱ አንድ ቤት ይቀመጥ። አሥሩስ የት ይደር?›› አሰበና፣ ‹‹አሥር ቤት›› አለ። ‹‹እዚያ ስንት አሥሮች አሉ?›› ‹‹አሥራ ሁለት። ከእንግዳው ጋር አሥራ ሦስት።›› የተያዘውን ቁጥር ‹‹እንግዳው›› ያለው እሱ ራሱ ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ እንግዳው እያልኩ አስተምራለሁ። ሁለተኛውን ጥያቄ እጄን አሥር ቤቱ ላይ አድርጌለት ሠራ። ሦስተኛውን ዝም አልኩ። ለመምህር ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል።

ዉድ፣ ብሩነርና ሮስ የተባሉ ምሁራን በ1976 ይህን ዓይነቱን እርዳታ ግንበኛ ከሚቆምበት የእንጨት ርብራብ ጋር አመሳስለውታል። ግንቡ እስኪቆም ይደገፋል፣ ግንቡ ሲቆም ርብራቡ ይነሳል። ሳይነሳ የሚቀር ርብራብም አለ፤ የልጁን የቤት ሥራ ቁጭ ብሎ የሚሠራለት ታላቅ ወንድም ማለቴ ነው።

‹‹መምህር፣ ክፍሉ ውስጥ ሰማንያና ከዚያ በላይ ልጅ አለ፣ ማን አጠገባቸው ይቀመጣል?›› እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። ቪጎትስኪ ግን እርዳታው ከአዋቂ ብቻ መምጣት አለበት አላለም፤ ትንሽ የቀደመ ጓደኛም ይበቃል። እኔ ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት አድርጌ ማቀማመጥ ጀምሬያለሁ። ይንጫጫሉ። የጎረቤት ክፍል መምህር ቅር ብሎታል፣ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ግን አልተውኩትም። እቤት ያላችሁ እናቶችና አባቶች ደግሞ እንግሊዝኛ ባታውቁ፣ ፊደልም ባትለዩ፣ ‹‹እንዴት አድርገህ አገኘኸው? ለኔ አስረዳኝ›› ማለት ትችላላችሁ። ልጁ በአማርኛ ሲያስረዳ ራሱ የጎደለችውን ያገኛታል። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

የቀረኝ ነገር ቢኖር የልጁ ዕድሜ ነው። ጉልበቱ ዴስኩ ሥር አይገባም። ከፊቱና ከጎኑ ዘጠኝ ዓመት የሆኑ ልጆች ተቀምጠዋል፤ እነሱ ሲመልሱ እሱ ዝም ይላል። ኤሪክ ኤሪክሰን በ1933 ናዚዎች ሲነሱ ከቪየና ወጥቶ አሜሪካ የገባ፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሳይኖረው በሃርቫርድ ያስተማረ ሰው ነው። እሱ እንደሚለው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ያለ ልጅ የሚታገለው ከአንድ ጥያቄ ጋር ነው፤ ‹‹እችላለሁ ወይስ ከሰው አንሳለሁ?››። በዚህ ዕድሜ ላይ አንድ የሚችለውና ሰው የሚያይለት ነገር ያስፈልገዋል። የኛ ልጅ ይህን ያገኘው ሱቁ ውስጥ ነው። ሱቁን የሚወደው ስለዚህ ነው እንጂ ስንፍና ስለተጠናወተው አይደለም። ባንዱራ ደግሞ በ1977 ‹‹እችላለሁ›› የሚል እምነት ከሁሉ በላይ የሚገነባው ሠርቶ በመሳካት እንደሆነ ጽፏል። ‹‹ጎበዝ ነህ፣ አይዞህ›› ብቻውን አይበቃም።

ለእናቱ በሳምንቱ የነገርኳት ይህን ሁሉ አይደለም። 1215ን አሳየኋትና ሳሙናውን ነገርኳት። እሷም ሳቀች፣ ቀጥሎ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ‹‹እና ይገባዋል?›› አለችኝ። ‹‹ይገባዋል። እኛ ነን ያልገባን›› አልኳት። ከዚያ በኋላ ግን የምትለኝን አለች፤ ራሽኑ አይበቃም፣ አጎቱ የሚሰጠው ገንዘብ ለቤቱ ያስፈልጋል። ይህ እውነት ነው፤ ቪጎትስኪም ፒያዤም ይህን አይሞሉልንም። አጎቱን ጨምረን ተነጋገርን። ልጁ ከትምህርት በኋላ ሁለት ሰዓት ሱቅ ይቁም፣ የዱቤ ደብተሩን ደግሞ እሱ ይጻፍ፤ በቃሉ ሳይሆን አንድ ቤት፣ አሥር ቤት እያለ ይጻፍ አልን። አጎቱ መጀመሪያ፣ ‹‹የሰው ዕዳ 1215 ብሎ ቢጽፍብኝስ?›› ብሎ ፈራ። አሁን ማታ ማታ ደብተሩን አብረው ያያሉ። የክፍል መምህሩንም አነጋግሬዋለሁ፤ ሰሌዳ ፊት ድንገት እንዳያስነሳው፣ በፊት በደብተሩ የሠራውን ብቻ ወጥቶ እንዲያሳይ ተስማምተናል።

በሚቀጥለው ፈተና ሒሳብ 44 አመጣ። አሁንም ቀይ ነው። እናቱ ካርዱን ይዛ መጥታ፣ ‹‹ቀዩ ቀነሰ?›› ብላ ጠየቀችኝ። በቁጥር ነገርኳት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ትጠብቃለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም፣ ቃልም አልገባሁላትም።

ይህን ጽሑፍ በእናቱም በልጁም ፈቃድ ነው የጻፍኩት። ትናንት ማታ ላነብለት ስል አላስጨረሰኝም። አጎቱ 24 ሳሙና ያለበትን ካርቶን በ960 ሽልንግ ገዝቶ ኖሮ፣ አንዱ ስንት እንደገባ አስልቶ መጥቷል። ‹‹በአርባ ሞከርኩት፣ ልክ መጣ›› አለኝ። ‹‹ግን ቲቸር፣ ወረቀት ላይ እንዴት ነው የሚጻፈው?››